ለደሴ አዲስ የሆኑ ባልና ሚስት ከየት ይጀምሩ?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ከሐዋሳ ወደ ደሴ የመጣነው በሥራ ምክንያት ነው። እኔ በአንድ የጤና ተቋም በላብራቶሪ ባለሙያነት እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ በየቀኑ ወደ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይመላለሳል። ቤት የተከራየነው ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሠፈር ነው። ጎረቤቶቻችን ሰላምታ አይነፍጉንም፤ ነገር ግን ከሰላምታ ያለፈ ቅርርብ እንዴት እንደሚጀመር አላወቅንበትም። ሐዋሳ ሳለን ከሥራ በኋላ በሐይቁ ዳር በእግር መሄድ ልማዳችን ነበር፤ እዚህ ግን ብርዱና ዳገቱ ከቤት አላስወጣ ብሎን ቅዳሜና እሑድን ስልካችንን ስንነካካ እናሳልፋለን። ልጅ ገና አልወለድንም፤ ዘመድም በአካባቢው የለንም። ከተማዋን ለመልመድና ሰው ለማግኘት ከየት ብንጀምር ይሻላል? የሚጎበኙ ቦታዎችንም ብትጠቁሙን እናመሰግናለን።
ሁለት እንግዶች፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ ሁለት ጉዳዮችን ይዟል፤ አንደኛው ሰው ማግኘት፣ ሁለተኛው ቦታ ማየት ነው። ወደ አዲስ ከተማ የሚገቡ ባለትዳሮች ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ያስቀድማሉ፤ የሚጎበኘውን ሁሉ በጥቂት ሳምንታት አዳርሰው ሲያበቁ ከተማው ያለቀባቸው ይመስላቸዋል፤ ብቸኝነቱ ግን እንደነበረ ይቀመጣል። እኔ የምመክራችሁ ሰዉን እንድታስቀድሙ ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ወደ ሰው የሚያስገባው በር የታወቀ ነው፤ ቡና ነው።

ጎረቤት እስኪጠራችሁ አትጠብቁ። ሰላምታ የሚሰጧችሁ ሰዎች ላይጠሯችሁ የቻሉት ስላልወደዷችሁ ሳይሆን ሁለታችሁም ሠራተኞች መሆናችሁን፣ ባለቤትዎም በማለዳ ወጥቶ አመሻሽ ላይ እንደሚመለስ ስለሚያዩ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለታችሁም ቤት የምትሆኑበትን አንድ የእሑድ ከሰዓት ምረጡና ቡና አፍሉ፤ ከግራና ከቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች፣ አከራያችሁን፣ በግቢው ወይም በአጥቢያው በዕድሜ የገፉትን እናትና አባት «ለሠፈሩ አዲስ ነን፤ መጥታችሁ ቤታችንን መርቁልን» ብላችሁ ራሳችሁ በየደጃቸው ሄዳችሁ ጥሩ። እንዲህ ያለውን ጥሪ እንቢ የሚል የወሎ ሰው አላውቅም። በምትጠሩበት ጊዜ ታላላቆቹን «አንቱ» ማለት፣ ሐጂውን «ሐጂ»፣ ሼሁን «ሼህ»፣ ቄሱን «አባ» ብሎ በማዕረጋቸው መጥራት ተገቢ ነው።

ለዚህ የመጀመሪያ ጥሪ ሥጋ ማቅረብ አያስፈልግም፤ ባይቀርብም ይመረጣል። የደሴ ሠፈር ሙስሊምና ክርስቲያን ተሰባጥሮ የሚኖርበት ስለሆነ ከሁሉም ፊት ሊቀርብ የሚችለው ቆሎ፣ ፈንዲሻና ቅቤም ወተትም ያልገባበት ዳቦ ነው፤ ይህ ጿሚውንም ጾመኛ ያልሆነውንም አያስቸግርም። የረመዳን ወር ከሆነ ጥሪውን ወደ ምሽት አዙሩት። ቡናው ሲደርስ ከታዳሚዎቹ ታላቅ የሆኑት ሰው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መዳፉን ዘርግቶ «አሜን» ይላል። እናንተም በተራችሁ ስትጠሩ ከአቦሉ በኋላ ተነሥታችሁ አትሂዱ፤ እስከ በረካ ተቀመጡ። ቁም ነገሩ የሚወጣው፣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ጥሩ ማር ከማን እንደሚገዛ፣ የውኃ ተራው መቼ እንደሆነ የሚታወቀው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲኒ ላይ ነውና። ጨዋታ የሚከፍት ነገር ካጣችሁ አዛውንቶቹን ስለ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ጠይቋቸው። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም ሲሆን፣ በደሴ ያረጁ ብዙ ሰዎች ወይ እዚያ ተምረዋል፣ ወይ ልጆቻቸውን አስተምረዋል።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ከቡናው ይልቅ ከባድ ነው፤ ግን ከሁሉ በላይ የማምንበት እርሱን ነው። ቅሬ ግቡ። በሐዋሳና በአዲስ አበባ ዕድር የምትሉት ማኅበር በወሎ ቅሬ ይባላል። ተከራይ የሆኑ ወጣት ባለትዳሮች «ነገ ለምንለቀው ሠፈር ምን አገባን?» ወይም «ገና ወጣቶች ነን፤ ስለ ሞት ለምን እናስባለን?» እያሉ ይዘገያሉ፤ ይህ አስተሳሰብ የቅሬን ትልቁን ጥቅም ያስቀራል። ቅሬ አስከሬን ለመቅበር ብቻ የቆመ ማኅበር አይደለም፤ በሠፈሩ ውስጥ ማን ታመመ፣ ማን ሐዘን ላይ ተቀመጠ፣ ማን ተጣልቶ እርቅ ይፈልጋል የሚለው ሁሉ የሚታወቅበት፣ ብዙ ጊዜም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መዝገብ የተጻፈበት ነው። ለቅሶ የደረሰ ሰው በዚያ ሠፈር እንግዳ መባሉ ያበቃል። በድንኳኑ ውስጥ አብሮ ያመሸ፣ ወንበር የተሸከመ፣ ውኃ የቀዳ ሰው ስሙ በማግሥቱ ይታወቃል።

ለመግባት ቡና አብረዋችሁ ከጠጡት ጎረቤቶች አንዱን ቅሬ አስገቡን በሏቸው፤ በሰው ተይዞ የመጣ አመልካች በቀላሉ ይቀበሉታል። ከመፈረማችሁ በፊት የመግቢያው ክፍያ፣ ወርኃዊው መዋጮ፣ ለቀብር ባለመገኘት የሚጣለው ቅጣትና ከቤተሰብ እነማን እንደሚመዘገቡ ጠይቃችሁ ተረዱ፤ ደንቡ ከሠፈር ሠፈር ይለያያል። ባለቤትዎ በሥራ ቀን ከኮምቦልቻ ሊመጣ እንደማይችል፣ እርስዎም በተረኛነት ቀን መውጣት እንደማይችሉ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተናገሩ፤ ኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናችኋል። ሠፈሩን የምትለቁ ከሆነም ስንብቱን በስብሰባ ላይ ማሳወቅ እንጂ እንዲሁ መጥፋት ነውር ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ሁሉን ነገር አብራችሁ ለመሥራት አትሞክሩ። ዘመድ በሌለበት ከተማ ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው ወንድምም እኅትም ጓደኛም ለመሆን ሲጥሩ ይደክማሉ፤ የድካሙ መንስኤም ሳይገባቸው እርስ በርስ መነጫነጭ ይጀምራሉ። እርስዎ የራስዎን መግቢያ ይፈልጉ፤ ለምሳሌ ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር ዕቁብ፣ ወይም ከጎረቤት ሴቶች ጋር የሰኞ ገበያ ጉዞ፣ ሥራ የማይገቡበት ሰኞ ከተገኘ። ባለቤትዎ ደግሞ በማለዳ ኳስ ከሚጫወቱት ወይም አብረውት በሚኒባስ ከሚመላለሱት ጋር ይቀራረብ። ሁለታችሁ ያገኛችኋቸውን ሰዎች ኋላ በአንድ ጠረጴዛ ታገናኛላችሁ።

አሁን ወደ ቦታዎቹ እንለፍ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሐዋሳ ከዚህ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ዳገት ላይ ቶሎ መታከታችሁ ስንፍና አይደለም፤ ሰውነታችሁ ስስ አየሩን ሲለምድ ይቀላል። ጋቢና ወፍራም ሹራብ ገዝታችሁ ከቤት ውጡ። በክረምት ጉሙ ከተማዋን ይሸፍናታል፤ የበልጉም ዝናብ ሳታስቡት ይመጣል፤ በእግር ለመሄድ ከሁሉ የሚመቹት ከመስቀል በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት ናቸው። በአንድ ወገን ጦሳ ተራራ፣ በሌላው አዝዋ ገደል ከተማዋን አቅፈዋታል። ጦሳን አንድ ጊዜ ወጥቶ ፎቶ አንሥቶ ከመመለስ ይልቅ በየቅዳሜው ማለዳ እስከቻላችሁበት ድረስ ብትወጡ ይሻላል፤ በሐይቁ ዳር ያጣችሁትን ልማድ የሚተካላችሁ ይህ ነው፤ በመንገዱ ላይም የሚያጋጥሟችሁ ሰዎች በሦስተኛው ሳምንት ስማችሁን ይጠይቋችኋል።

በከተማው ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበትን አይጠየፍ አዳራሽን እዩ። ደሴን መናገሻቸው ያደረጓት እኚህ ንጉሥ፣ የልጅ ኢያሱ አባት፣ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው እስከተማረኩ ድረስ የሰሜኑ ኃያል ሰው ነበሩ፤ አዳራሹን ይህን እያሰቡ ማየት ሌላ ነው። የደሴ ሙዚየም ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረ ቤት የተቋቋመ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዝርፊያ ደርሶበታል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ለጎብኚ ክፍት መሆኑን ጠይቁ። የፋሺስት ጣልያን አውሮፕላኖች ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማው ውስጥ ሳሉ ደሴን በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደብድበዋታል፤ ይህን ታሪክ ከአባቶቻቸው የሰሙ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ቡና ላይ ስትቀመጡ ጠይቁ። ወጣ ስትሉ በስተሰሜን ቦሩ ሜዳ ይገኛል፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ ነው።

ለእናንተ ግን ከሁሉ የሚስማማችሁ ሐይቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ የሐይቅን ከተማ ታገኛላችሁ፤ ውኃው ከከተማዋ አጠገብ ነው። አየሩ ከደሴ ይሞቃል፤ ዓሣም ይበላል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በውኃው ውስጥ በገባው ምድር ላይ ይገኛል። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት እንደማትገባ አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ ባለቤትዎ ሊሳለም ሲገባ እርስዎ በሐይቁ ዳር ይቆዩ፤ ባዶ ቀን እንዳይመስልዎ መጽሐፍ ይያዙ። ከከተማ ለሚያስወጣ ጉዞ ሁሉ የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማው ከመናኸሪያ ወይም ከባልደረባ ጠይቁ፤ ቀን ሳለም ተመለሱ።

ሙዚቃ የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸውና ክራር ወይም ማሲንቆ ለመማር ከዚህ የተሻለ አገር አታገኙም። የሚያስተምር ሰው በሠፈራችሁ አጠያይቁ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ መጥቼ በኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። በቅርቡ ያገባኋት ባለቤቴ በደሴ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ቤት ደሴ ይሁን ወይስ ኮምቦልቻ በሚለው አልተስማማንም።
አዲስ ሙሽራ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ሚኒባስም ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። ርቀቱን የሚያከብደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል በዚያ አጭር ርቀት ውስጥ የሚወረደው ብዙ ነው። በክረምት ማለዳ ጉም ሲወርድ ሾፌሮች ቀስ ብለው መንዳት ስላለባቸው ሰዓት መተማመን አይቻልም። ስለዚህ የምመክረው፣ ቤቱ በሌሊት የሚገባው ወይም የሚወጣው ሰው በሚሠራበት ከተማ ይሁን ብዬ ነው። የሌሊት ፈረቃ ካለብህ ኮምቦልቻ ተከራዩ፤ መምህርቷ በቀን ብርሃን ትመላለስ። ፈረቃህ የቀን ብቻ ከሆነ ግን የእርሷን ፍላጎት ብታከብር ደስ ይለኛል።

ከኑሮው አንፃር ልዩነት አላቸው። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፤ ሜዳማ ስለሆነች በብስክሌትም ይኬድባታል። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ከየአገሩ ሰው ስለሰበሰቡ እንደ አንተ አዲስ የሆነ ጓደኛ በቀላሉ ታገኛለህ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ጓደኛ ነገ በዝውውር ሊሄድ ይችላል። ደሴ ሠፈሮቿ የቆዩ ናቸው፤ ለመግባት ጊዜ ይወስዳል፤ ከገቡ በኋላ ግን የሚገኘው ጎረቤት የዕድሜ ልክ ነው። እንግዲህ በዚህች አገር ስንት ዓመት ለመኖር እንደምታስቡ ተነጋገሩና ወስኑ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ደሴ ከመጣን ጀምሮ የባቲን ገበያ ለማየት እንመኛለን፤ ግን ሁልጊዜ በቅዳሜ ሄደን የተለየ ነገር አላየንም። ምን እናድርግ?
የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከደሴ

መልስ፦ የባቲ ትልቁ ገበያ ሰኞ ነው፤ ስለዚህ ከዓመት ፈቃዳችሁ ላይ አንድ ሰኞ አንሡለት። መንገዱ በኮምቦልቻ በኩል ነው፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ከደሴ በማለዳ ተነሡ፤ ገበያው ሳይሞቅ ከደረሳችሁ አፋሩ ከቆላ፣ አማራውና ኦሮሞው ከደጋና ከወይና ደጋ ግመሉንና ከብቱን እየነዳ ሲገባ ታያላችሁ። ሙቀቱ ከደሴ ብርድ ለመጣ ሰው ይከብዳልና ስስ ልብስና ውኃ ያዙ። ሰው ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ በግመል ተራ ስትቆሙም የሚደራደሩ ሰዎች መሐል አትግቡ። ሚኒባሱ ከሰዓት በኋላ በሸማችና በሻጭ ስለሚጨናነቅ ለመመለስ እስከ አመሻሽ አትጠብቁ።