ኬብል የሚዘረጋው መርከብ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ላይ ስለሚተከሉ የነፋስ ተርባይኖች ጽፌ ነበር። ከድሬዳዋና ከሐረር ሰፈሮች ጥያቄ የመጣው ግን ስለ ኬብል ዘርጊው መርከብ ነው። ደስ ብሎኛል፤ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ተርባይኑን ነው እንጂ ኤሌክትሪኩን ወደ የብስ የሚያደርሰው ኬብል ከሌለ እኮ ባሕር መሃል የቆመ ብረት ነው።

ከሳቢያን፦ «ያን ሁሉ ኬብል እንዴት ይሸከማል? ሲዘረጋስ እንዴት አይበጠስም?»

መርከቡ ላይ ግዙፍ የሚሽከረከር ማጠንጠኛ አለ፤ ኬብሉ እሱ ላይ ተጠምጥሞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረው «ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ» የሚባለው መርከብ 170 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሁለት ማጠንጠኛ አለው፤ አንዱ 10,000 ቶን፣ ሌላው 7,000 ቶን ይይዛል። ከጅቡቲ በደወሌ የሚመጣ ተሳቢ 40 ቶን ይጭናል ብንል፣ ከ400 ተሳቢ በላይ ጭነት ማለት ነው!

ከባዱ ሥራ ግን መልቀቁ ነው። መርከቡ በሳተላይት እየተመራ፣ ወደየአቅጣጫው በሚገፉ ሞተሮች ማዕበሉንና ነፋሱን እየተቋቋመ መስመሩን ይጠብቃል፤ ኬብሉን ደግሞ ግራና ቀኝ ቆንጥጠው የያዙ ማሽኖች ቀስ እያሉ ወደ ውሃው ይለቁታል። ከላላ የባሕሩ ወለል ላይ ይጠቀለላል። ከተወጠረ ውስጡ ይጎዳል። ከልክ በላይ ከታጠፈ ሽፋኑ ይበላሻል፣ ያ ደግሞ የሚታወቀው ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባሕሩ ከተናወጠ ሥራው ይቆማል፣ መርከቡ ለቀናት ቆሞ የሚከፈለው ገንዘብ ቢያንገበግብም።

ከጀጎል፦ «ወለሉ ላይ ዝም ብሎ ነው የሚተኛው?»

አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ይቀበራል። ባሕር ውስጥ የሚጎተት ማረሻ ወይም በኃይለኛ ውሃ አሸዋውን የሚከፍት ማሽን አለ፤ አንድ ሁለት ሜትር ድረስ ይቆፍርለታል። አለቱ እምቢ ካለ ድንጋይ ይከመርበታል። ጠላቱ መልህቅና የዓሣ መረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ኬብሎች ተቆርጠው ነበር፤ በሚሳኤል የተመታች መርከብ እየተንሳፈፈች መልህቋን ጎትታባቸው ነው ተብሎ ይታመናል። የእኛም ኢንተርኔት በጅቡቲ በኩል ስለሚገባ ነገሩ ሩቅ አይምሰላችሁ።

ከከዚራ፦ «ለአይሻ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እንዲህ ያለ መርከብ ያስፈልጋል?»

አያስፈልግም፣ አይሻ የብስ ነው። መርከቡ የሚፈለገው ባሕር ላይ ለሚተከሉት ነው፤ የእነሱ የመጀመሪያው ዴንማርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራው ቪንደቢ ነው፣ 11 ተርባይኖች ነበሩት።

ከገንደ ቆሬ፦ «ኤሌክትሪካል ተመርቄ ቤት ተቀምጫለሁ። እዚህ መርከብ ላይ የእኔ ዓይነት ሰው ይሠራል?»

አዎ ወንድሜ፣ በደንብ ይሠራል። ኬብልን ከኬብል የሚገጣጥሙ ባለሙያዎች አሉ፤ አንድ የከፍተኛ ቮልቴጅ መገጣጠሚያ ለመሥራት ቀናት ይፈጅባቸዋል፣ በጣም የሚፈለግ እጅ ነው። የመርከቡን ኤሌክትሪክ የሚይዝ መኮንንም አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የመርከበኞች ማሠልጠኛ ተቋም የአንተን ዓይነት ተመራቂ ለዚህኛው ሥራ ያሠለጥናል። እንግሊዝኛህን አጥብቅ፣ ዋናም ተለማመድ፤ ማመልከቻውን ግን አሁኑኑ ጠይቅ።