ለአራት ሰው ክሩዝ፦ መጀመሪያ ሳምንቱን፣ ቀጥሎ ክፍሉን

እህቴ፣ የጠየቅሽው የ4 እና የ9 ዓመት ልጆች ይዛችሁ ከባልቲሞር ወይም ከፍሎሪዳ ለሰባት ሌሊት በክሩዝ (በመርከብ ሽርሽር) ወደ ካሪቢያን በ3,000 ዶላር መሄድ ይቻል እንደሆነ፣ ለእንቁጣጣሽ ቢሆንስ፣ ባልኮኒ (በረንዳ) ያለው ክፍልስ ያስፈልጋል ወይ ብለሽ ነው። ይቻላል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ በባልኮኒ ይከራከራል እንጂ ዋጋውን ቀድሞ የሚወስነው የምትሄጂበት ሳምንት ነው። ያው መርከብ፣ ያው ክፍል በፈረንጅ ገና ሰሞንና በጃንዋሪ አጋማሽ እጥፍ ሊለያይ ይችላል።

እንቁጣጣሽ ርካሽ ነው፣ ግን ምክንያት አለው። የካሪቢያን የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን የሚበረታው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው፤ ልክ በዓመት መለወጫችን ዋዜማ። መርከቡ ማዕበሉን ዞሮ ያልፋልና ስለ መስመጥ አትጨነቂ። የሚያጋጥመው ሌላ ነው፤ ባሃማስ ብለሽ ከፍለሽ ሌላ ወደብ ትወርጃለሽ፣ ወይም ባሕር ላይ ትውያለሽ። ውሉ ይህን ይፈቅድላቸዋል፤ የሚመለስልሽም ብዙውን ጊዜ ያልተቆመበት ወደብ ክፍያ ብቻ ነው። መመለሻውም አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ስለሚችል በማግስቱ ሥራ የሚገባ ሰው አይሞክረው። የጉዞ ኢንሹራንስ ከፈለግሽ ማዕበሉ ስም ሳይወጣለት ግዢው፤ ከወጣለት በኋላ የተገዛ ለዚያ ማዕበል አይከፍልም።

ተማሪ ላለው ቤተሰብ እኔ የምመርጠው ኦገስት አጋማሽን ነው። የጆርጂያ፣ የፍሎሪዳና የቴክሳስ ልጆች በኦገስት መጀመሪያና አጋማሽ ትምህርት ሲጀምሩ ዋጋው መውረድ ይጀምራል፤ እኛ ጋ ሜሪላንድ ብዙ ቦታ ትምህርት የሚከፈተው ወደ ወሩ መጨረሻ ነው። ሃሪኬኑ ያኔም አለ፣ ግን ገና ጫፉ ላይ አልደረሰም። ጥቂት ቀን ከትምህርት ማስቀረት ካላስቸገረሽ ደግሞ ከታንክስጊቪንግ በኋላ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ፣ ወይም ከጃንዋሪ መጀመሪያ በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ መግቢያ ይረክሳል። የኛ ገና የሚውለው እዚህ የመጨረሻው ውስጥ ነው።

ጾመኛ ከሆናችሁ ኦገስት ከ7 እስከ 21 ፍልሰታ፣ ዲሴምበር ደግሞ የነቢያት ጾም መሆኑን አስቢ። ችግር የለውም፣ ብቻ ቡክ ስታደርጊ «ቪጋን» ብለሽ አስመዝግቢ፤ ቬጂቴሪያን ካልሽ ቅቤና አይብ ይመጣልሻል። እራት ላይም ለዋናው አስተናጋጅ የነገውን ዛሬ ማታ ንገሪው፣ ለብቻ ያዘጋጃሉ። (እንጀራ ጠቅልሎ መግባት አይታሰብ፤ ቤት የተሠራ ምግብ በር ላይ ይወስዱታል።)

ባልቲሞር የአራት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ያተርፍልሻል። በብርዱ ወራት ግን መርከቡ ሙቀት እስኪያገኝ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ኖርዝ ካሮላይና ዳርቻ ኬፕ ሃተራስ አካባቢም ባሕሩ ይናወጣል፤ ሲመለስም እንደዚሁ። ስለዚህ ለኦገስት ከባልቲሞር፣ ለጃንዋሪ ከፍሎሪዳ።

አሁን ወደ ክፍሉ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ ለአንድ ክፍል ሁለት ሰው ተብሎ የወጣ የነፍስ ወከፍ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ይቀንስለታል፣ ታክስ፣ የወደብ ክፍያና ቲፕ ግን ለሁሉም እኩል ነው፤ ለልጆችም ጭምር። ለምሳሌ ያህል በአንድ መስኮት አልባ ክፍል የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 500፣ ልጆቹ 250 ቢሆኑ 1,500 ዶላር፤ ታክስና ወደብ በነፍስ ወከፍ 150 ብንል 600፤ ቲፕ በቀን በሰው 17 ዶላር ለሰባት ሌሊት 476። ድምሩ 2,576። እነዚያኑ አራት ሰዎች ሁለት መስኮት አልባ ክፍል ብታስገቢ 3,076 ይሆናል። ልዩነቱ 500 ነው፤ በዚያ ሁለት መታጠቢያ ቤት ታገኛለሽ። ልጆቹ ትልልቅ ከሆኑ በመካከል በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ከአንድ ባልኮኒ ይሻላሉ። በአንቺ በጀት ግን አንድ ክፍል ነው።

አራት ሰው በአንድ ክፍል ሲሆን አልጋዎቹ እንዴት እንደሆኑ ጠይቂ። ብዙው ክፍል ከጣሪያ የሚወርዱ ሁለት አልጋዎች አሉት፣ በመሰላል የሚወጣባቸው። ለ4 ዓመት ልጅ ላይኛው አይሆንም፤ ሶፋ አልጋና አንድ የላይ አልጋ ያለውን ፈልጊ። መስኮት አልባው ክፍል ቀንም ሌትም ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ትንሽ ባትሪ ያዢ፣ ወይም ቴሌቪዥኑን የመርከቡ ካሜራ ቻናል ላይ ትተሽ ተኚ። ሰርጅ (የኃይል መዋዠቅ መከላከያ) ያለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አትያዢ፣ ይወስዱታል።

ቦታው መሐል፣ ወደ ታች ባሉት ፎቆች ይሁን፤ ፊትና ላይ ያለው የበለጠ ይወዛወዛል። ከመዋኛውና ከቡፌው ሥር ያለ ክፍል ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። የፎቁን ፕላን ከፍተሽ ከላይም ከታችም መኝታ ክፍል ያለውን ምረጪ። «ጋራንቲ» የሚሉት ርካሽ ዋጋ ክፍሉን ራሳቸው የሚመርጡልሽ ነው፤ አንድ ክፍል ብቻ ለሚይዝ፣ የአልጋው ዓይነትና ቦታው ግድ ለማይሰጠው ይሆናል፣ ሁለት ክፍል ለምትይዥ ግን አትውሰጂው፣ የተራራቀ ፎቅ ላይ ሊጥሉሽ ይችላሉ።

ባልኮኒ ጥቅሙ ትንሹ ልጅ ቀን ሲተኛ እናንተ ውጭ መቀመጣችሁ ነው። ከዚያ ውጭ ለካሪቢያን ገንዘቡን አያወጣም፤ አላስካ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።

የአራት ሰው ክፍል ቁጥሩ ውስን ነው፤ በየነፍስ አድን ጀልባው የሚመደበው ሰው ገደብ ስላለው ክፍል ባዶ እያለም «ለአራት የለም» ሊሉሽ ይችላሉ። ስለዚህ የሚመለስ ዲፖዚት ከፍለሽ ቀደም ብለሽ ያዢ፣ የመጨረሻው ክፍያ እስኪደርስ (አብዛኛውን ጊዜ ከጉዞው 75 እስከ 90 ቀን በፊት) ዋጋውን በየጊዜው እዪ፤ ከወረደ ደውለሽ አስቀንሺ።

ወረቀቱን ግን ከሁሉ በፊት ጨርሺ። ከአሜሪካ ተነስቶ እዚያው ወደብ በሚመለስ ጉዞ የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው ከ16 ዓመት በታች ልጆች በልደት ሰርተፊኬት ይሄዳሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይያዝ፤ ሜክሲኮና ባሃማስ በግሪን ካርዱ ያለ ቪዛ ይቀበሉታል፣ ሌሎቹን ደሴቶች አንድ በአንድ አጣሪ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀ ሰው አብሯችሁ ካለ ግን ክሩዝም ከአሜሪካ እንደመውጣት ይቆጠራል፤ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ቢወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ስለሚችል ጠበቃውን ሳያናግር ዲፖዚት አትክፈሉለት።