ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፤ ኢሜይሎቼስ? ጥያቄና መልስ

ኮምፒውተር ጥገና ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ዛሬ ከሰዓት እዚሁ ነኝና ዲስክ ተበላሽቶባችሁ ኢሜይል የጠፋባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ አልነሳም አለ። ጂሜይሌን በብሮውዘር ነበር የምከፍተው። ሁሉም ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ አንድም አልጠፋም። ደብዳቤዎችሽ ያሉት ላፕቶፑ ላይ ሳይሆን ጎግል ሰርቨር (የራሱ የጎግል ኮምፒውተር) ላይ ነው። በስልክሽ ግቢና እያቸው። ብቻ ሳትነኪው 2 ዓመት ያለፈውን አካውንት ጎግል ሊሰርዘው ስለሚችል ብዙ አትቆዪ።

ጥያቄ፦ የቢሮ ኮምፒውተራችን መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳም አለ። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ይላል። የኢሜይል ፕሮግራማችን አውትሉክ በፖፕ (ደብዳቤውን ከሰርቨር አውርዶ ኮምፒውተሩ ላይ በሚያስቀምጠው መንገድ) ስለነበር የዓመታት ደብዳቤ እዚያው ላይ ብቻ ነው ያለው። እንደገና ልሞክረው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! አሁኑኑ ከመብራት ንቀለው። ያ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የዲስኩ ማንበቢያ ጭንቅላት ቦታውን መያዝ አቅቶት የሚመላለስበት ነው። ባስነሳኸው ቁጥር መረጃው የተጻፈበትን ሳህን ሊፍቀው ይችላል፤ የተፋቀውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ፍሪዘር ውስጥ አስገባው የሚልህን አትስማ፤ ሲወጣ እርጥበት ይቋጥራል። ክዳኑንም አትክፈት፣ አንድ የአቧራ ቅንጣት ይበቃዋል። ይህ ከአቧራ የጸዳ ክፍል ላላቸው የሚሰጥ ሥራ ነው።

ድምፅ ባይኖረውና ዊንዶውሱ ብቻ እምቢ ቢል ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ዲስኩን ፈትተህ ዲስክን ከዩኤስቢ ጋር በሚያገናኘው በሳታ ዩኤስቢ ኬብል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትሰካዋለህ። ሲነበብ የሚንተባተብ ከሆነ መጀመሪያ ዲዲሬስኪው በሚባለው የመገልበጫ ፕሮግራም ሙሉ ቅጂውን ጤነኛ ዲስክ ላይ አውጣና በቅጂው ላይ ሥራ። የምትፈልገው አውትሉክ ደብዳቤዎችን የሚያስቀምጥበትን፣ የስሙ መጨረሻ ፒኤስቲ የሆነውን ፋይል ነው። ከአውትሉክ 2010 ወዲህ ዶክመንትስ ውስጥ አውትሉክ ፋይልስ የሚል ፎልደር አለ፤ ከዚያ በፊት የነበረው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው። አልከፈት ካለ ከአውትሉክ ጋር የሚመጣው ስካንፒኤስቲ የሚባል መጠገኛ ሊጠግነው ይችላል፤ ግን በቅጂው ላይ! ዋናውን ሲጠግኑ ያጠፉትን አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ታንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ነበር የምጠቀመው። ኢንቦክስ የሚባል ፋይል ሁለት አገኘሁ፣ የትኛው ነው? ትልቁን በኖትፓድ ስከፍተው አማርኛዬ ሁሉ ትርምስምስ ብሏል።

መልስ፦ ትልቁ፣ ስሙ ላይ ነጥብም ቅጥያም የሌለው ነው ደብዳቤው። ቅጥያው ኤምኤስኤፍ የሆነው ማውጫ ብቻ ስለሆነ ቢጠፋም ታንደርበርድ ራሱ ይሠራዋል። አንድ ደንበኛዬ ቅጥያ የሌለውን «ቆሻሻ ፋይል» ብሎ አጥፍቶ ማውጫውን በፍላሽ አምጥቶልኝ ነበር፤ ምን ልበለው? ትርምሱ አያስደንግጥህ፣ የአማርኛ ፊደል በኢሜይል ሲላክ ብዙ ጊዜ ወደ ላቲን ፊደልና ቁጥር ተለውጦ ነው የሚጓዘው። ታንደርበርድ ደብዳቤህን የሚያስቀምጥበትን ፕሮፋይል ፎልደር በሙሉ ገልብጠህ አዲሱ ታንደርበርድ ላይ አስገባው፣ ፊደሉ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ እኔ ያገኘሁት የአውትሉክ ፋይል መጨረሻው ፒኤስቲ ሳይሆን ኦኤስቲ ነው።

መልስ፦ እሱ የሰርቨሩ ግልባጭ ነው። አካውንቱ ካለ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ግባ፣ ሁሉም ይወርዳል። ከመሥሪያ ቤቱ ለቀህ ከተዘጋ ግን አውትሉክ እንዲሁ አይከፍተውም፤ መቀየሪያ ፕሮግራም ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ የኔ ዲስክ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው) ነው፤ ጠጋኙ ሳይነግረኝ ፎርማት አድርጎታል።

መልስ፦ ያሳዝናል። በሃርድ ዲስክ ቢሆን ተስፋ ሊኖረው ይችል ነበር። ኤስኤስዲ ግን ትሪም በሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳው ብዙ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ የጻፈልኝ ደብዳቤዎች ነበሩ። ዲስኩን ሦስት ሰው አይቶት አልሆነም።

መልስ፦ ዲስኩን ተዪው እህቴ። ወንድምሽ የተላኩ ደብዳቤዎች የሚቀመጡበትን ፎልደር ይፈልግልሽ። አንቺ ስትመልሺለት ከሥር የተያያዘ የራሱ ጽሑፍም ካለ፣ ያ መልስሽ በወንድምሽ ኢንቦክስ ውስጥ ይኖራል። ዛሬውኑ ደውዪለት።