«ደካማ» ስለሚባለው አሲድ፦ ሥራ ለምትጀምሩ ወጣቶች

ልጆቼ፣ በድሬዳዋም ሆነ በሐረር በማቅለሚያ፣ በምግብ ማቀነባበሪያ ወይም በቤተ ሙከራ ሥራ ለምትጀምሩ ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ በኬሚስትነት ዘመኔ ከሰልፈሪክ አሲድ ይልቅ በአሴቲክ አሲድ የተጎዱ ሰዎችን አብዝቼ ስላየሁ ነው። ሰልፈሪክ አሲድን ሁሉም ይፈራዋል። አሴቲክ አሲድን ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰላጣ ላይ እናውቀዋለን፤ በጣልያንኛው ስም አቼቶ የምንለው ኮምጣጤ ከመቶ 5 እጅ ያህሉ ይኸው አሲድ ነውና። ሳይከደን የሰነበተ ጠጅ የሚኮመጥጠውም አየር የሚሹ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ስለሚለውጡት ነው።

በትምህርት ቤት «ደካማ አሲድ ነው» ተብላችሁ ተምራችኋል። አነጋገሩ ትክክል ቢሆንም ቃሉ ብዙ ሰው ያሳስታል። ደካማ የተባለው ውኃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጅን አዮኑን የሚለቀው ሞለኪውል ጥቂት በመሆኑ ነው፤ በኮምጣጤ ውስጥ ከ100 ሞለኪውሎች አንዱ እንኳ አይሞላም። በቆዳና በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን በዚህ አይለካም። ከመቶ 99 እጅ በላይ ንጹሕ የሆነው አሲድ ሥጋን ያቃጥላል፤ ይባስ ብሎም ሕመሙ ወዲያው ላይሰማ፣ ውኃ የቋጠረው ቁስል ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ጠብታ ሲነካችሁ ማቃጠል አለማቃጠሉን ቆማችሁ አትጠብቁ፤ የነካውን ልብስ አውልቃችሁ በሚወርድ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ታጠቡ።

ማቅለሚያ ክፍል የምትገቡ ደግሞ ይህ አሲድ ለምን እንደተመረጠ እወቁ። በአልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ነገር የተቀቀለ ወይም ሪአክቲቭ በሚባለው፣ ከክሩ ጋር በኬሚካል በሚጣመር ቀለም የተነከረ ጥጥ ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ ወይም ሶዳ አሽ ይቀራል፤ አሴቲክ አሲዱ ያን አልካሊ ኃይሉን ያሳጣዋል። ሰልፈሪክ አሲድም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ነገር ግን ስለማይተን፣ ትርፉ በደንብ ካልታጠበ ጨርቁ ሲደርቅ በክሩ ውስጥ እየጠነከረ ሄዶ ጥጡን ይበላዋል። አሴቲክ አሲድ ከውኃው ጋር ይተናል። እኔ በሥራዬ ከወደድኳቸው ነገሮች አንዱ ይህ የአሲዱ ጠባይ ነው።

ንጹሑ አሲድ በ16.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይረጋል፤ በ39 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ እሳት የሚይዝ ተን ይሰጣል። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች አንዱ የሐረር፣ ሌላው የድሬዳዋ ነው እላለሁ። ወጣት ሳለሁ፣ ሐረር በአንድ ቤተ ሙከራ፣ በታኅሣሥ ማለዳ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አሲድ እንደ በረዶ ረግቶ አገኘሁት። የተበላሸ መስሎኝ፣ ደግሞም ሥራ ቸኩዬ፣ ክዳኑን ከፍቼ ከፍርኔሎ አጠገብ አስቀመጥኩት። ተኑ ክፍሉን ሞላው፤ አብሮኝ የነበረው ረዳት ሁለት ቀን ዓይኑን መግለጥ ተሳነው። ተኑ በእሳት አለመያያዙ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ብቻ ነበር። የረጋ አሲድ ክዳኑ ላላ ተደርጎ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ በራሱ ጊዜ ይቀልጣል። ድሬዳዋ ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። በግንቦትና በሰኔ በቆርቆሮ የተከደነ መጋዘን ከ39 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ጀሪካኑን በጥላ ሥር፣ ከብየዳና ከሲጋራ አርቁት፤ ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እንደሚሄድም አትርሱ።

ስታቀጥኑ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውኃው እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ አታፍስሱ። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። ስሱ የላቴክስ ጓንት ይህን አሲድ አያግደውም፤ የቡቲል ጎማ ጓንት ጠይቁ። ከበረኪና ጋር በአንድ መደርደሪያ አታኑሩት፤ ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ይህ በቤት ውስጥ ኮምጣጤም ቢሆን የሚደርስ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አሲዱን በመጠጥ ውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድታችሁ ወደ ቤት አትውሰዱ። መልኩ ውኃ ይመስላል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ከጨዋታ የተመለሰ ልጅ ጠርሙስ ሲያይ ሳያሸት ይጎነጫል። ይህ ከደረሰ እንዲያስመልሰው አትሞክሩ፤ ወደ ላይ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋል። አፉን በውኃ አጉመጥምጡት፤ አሲዱ የነበረበትን ዕቃ ይዛችሁም ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።