ኩላሊት ከመባሉ በፊት ወንበሩ ይታይ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ አንድ የባጃጅ ሹፌር «ጋሼ፣ ወገቤን የሚቆርጠኝ ኩላሊት ነው ወይስ ብርድ?» ሲለኝ፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር ደወሌ በሚወስደው መስመር አይሱዙ ይነዳ የነበረ ሰው ትዝ አለኝ። ያን ሰው ስለ ወንበሩ ሳልጠይቅ መሸኘቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የወንበሩ ስፖንጅ በግራ በኩል አልቆ ብረቱ ይቆረቁር ነበር። በቀኝ የኋላ ኪሱ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና ብር የታጨቀበት ቦርሳ አለ። አንዱ ጎን ሰምጦ ሌላው ከፍ ብሎ፣ አከርካሪው ቀኑን ሙሉ ተጣሞ ይውላል። የመንገዱን ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተርም ሞቷል። የተቀመጠ ሰው አከርካሪ ከሁሉም በላይ የሚናጠው በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ በሚመላለስ ንዝረት ነው፤ ከመንገድ የሚመጣው ንዝረት ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ጡንቻ ይዝላል፣ ጅማት ይላላል። ሰውየው በዚህ ሁኔታ ደርሶ ከጋቢና ዘሎ ይወርድና ከረዳቱ ጋር ኩንታል ያወርዳል። አንድ ቀን ጭነት ላይ እንዳጎነበሰ በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ወጣ፤ ሕመሙ ከቂጡ እስከ ባቱ ወረደ፣ የግራ እግሩን አውራ ጣት ቀና ማድረግ አቃተው። እስከዚያ ቀን የሚውጠው የኩላሊት ክኒን ነበር።

ከመኪና ስትወርዱ ወዲያው ዕቃ አታንሱ፤ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ያህል ተንቀሳቀሱ። ወንበር ስታስተካክሉ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) እስከ መጨረሻው ርገጡ፤ ያኔም ጉልበታችሁ ትንሽ መታጠፍ አለበት። መደገፊያው ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ይዘንበል፣ በቀበቶ ቁመት ላይ የተጠቀለለ ፎጣ ይግባ።

ባጃጅ ላይ ሥራው የግራ እጅ ነው፤ ፍሪሲዮኑም ማርሹም እዚያው ነው። የፍሪሲዮኑ ካቦ (የሽቦ ገመዱ) ሲደርቅ በየጭምቂያው የእጅ አንጓና ክንድ ይደክማል። ዘይት አጠጡት፣ ክሩ መበጣጠስ ከጀመረ ቀይሩት። ለስፒከርና ለጌጥ የምታወጡትን ብር እኩሌታ ለስፖንጅና ለካቦ ብታደርጉት ምን ነበረበት! ቀኑን ተቀምጣችሁ ውላችሁ በርጫ ላይ በአንድ ክርን ተደግፋችሁ ለሰዓታት መቆየታችሁም ያሳስበኛል፤ ጫት ድካሙን ይደብቃል እንጂ ወገብን አያሳርፍም። ቢሆንም እናንተ ትጠይቃላችሁ፤ የያኔዎቹ ሹፌሮች ዝም ብለው ይችሉት ነበር።

የልጁን ጥያቄ ልመልስ። ትኩሳት፣ ሽንት ማቃጠል ወይም በሽንት ደም ካለ፣ ወይም ሕመሙ አቀማመጥ ቢቀየር የማይለወጥ ከሆነ ኩላሊት ይመርመር። ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲራመዱ የሚቀል ከሆነ ወንበሩን እዩ። በጭን መሃል መደንዘዝ ወይም ሽንት አልወጣ ማለት ከመጣ ግን በዚያው ዕለት ሆስፒታል ግቡ፤ ለነገ አይባልም።