ለፈረንጅ ገና ዲዝኒ እንሂድ ወይስ ይቅር?

ከሰሞኑ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የልጆች የዲሴምበር እረፍትን የሚመለከቱ ናቸው። ሶስቱን እዚህ መልሰናል፣ የመጀመሪያው ረዘም ይላል ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የ4 እና የ8 ዓመት ልጆች አሉን፣ አማቴም ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን ናቸው። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ዲዝኒ ዲዝኒ እያሉ ሲጨቀጭቁን ከረሙና ዘንድሮ ለፈረንጅ ገና ኦርላንዶ እንወስዳችኋለን ብለን ቃል ገባን። ባለቤቴ ኦፍ የሚያገኘው ከዲሴምበር 24 እስከ ጃንዋሪ 1 ነው። አሁን ግን የሄዱ ሰዎች ሁሉ በዛ ሳምንት እንዳትሞክሩት እያሉ እያስፈራሩን ነው፣ ወጪውም ካሰብነው በላይ ሆነብን። በዛ ላይ አማቴም እኔም ጾመኞች ነን፣ እዛ ምን ልንበላ ነው? እባካችሁ ምከሩን።

መልስ፦ እህቴ፣ የነገሩሽ ሰዎች አላጋነኑም። ከዲሴምበር 25 ማግስት እስከ አዲስ ዓመት ያሉት ቀናት ዲዝኒ ወርልድ በዓመት ውስጥ ከሚጨናነቅባቸው ቀናት ዋናዎቹ ናቸው፣ ማጂክ ኪንግደም (ከአራቱ የዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ ነው፣ ሌሎቹ ኤፕኮት፣ አኒማል ኪንግደምና ሆሊውድ ስቱዲዮስ ናቸው) ከዚህ በፊት በነዚህ ቀናት ሞልቶ ሰው መቀበል ያቆመበት ጊዜ ሁሉ አለ። ዋጋውም ከሰልፉ ጋር አብሮ ነው የሚወጣው፣ ትኬቱ በቀን ስለሚለያይ በ2025 የገና ሳምንት የማጂክ ኪንግደም የአንድ ቀን ትኬት 199 ዶላር ገብቶ ነበር። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነጻ ይገባል፣ ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለው ግን ከአዋቂ የሚቀንስለት ትንሽ ብር ነው፣ ስለዚህ ለአምስታችሁ ለአንድ ቀን መግቢያ ብቻ ወደ 1,000 ዶላር ማለት ነው፣ ሆቴልና ምግብ ሳይጨመር። የብዙ ቀን ትኬት ሲሆን የአንዱ ቀን ዋጋ ይቀንሳል ግን ሳምንቱ ያው ውድ ሳምንት ነው።

እና የኔ ምክር ቦታውን ሳይሆን ሳምንቱን ቀይሩ ነው። ከታንክስጊቪንግ በኋላ ካለው ሳምንት ጀምሮ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ድረስ የገናው መብራትና ዛፉ ሁሉም ተሰቅሏል፣ ሰዉ ግን ገና አልመጣም። ባለቤትሽ የገናውን ኦፍ ለስራ ባልደረባ ሰጥቶ በምትኩ በዲሴምበር መጀመሪያ አራት ቀን ቢወስድ የማይደሰት ባልደረባ ያለ አይመስለኝም፣ የገናን ሹፍት የሚሸፍን ሰው ሁሌም ይፈለጋል። ልጆቹ ከሐሙስ እስከ እሁድ ብትወስዷቸው የሚቀርባቸው ሁለት የትምህርት ቀን ነው፣ ለመምህራቸው ቀደም ብሎ መንገር ነው እንጂ የ4 እና የ8 ዓመት ልጅ በሁለት ቀን ወደኋላ አይቀርም።

በዛ ወቅት ስትሄዱ አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ማጂክ ኪንግደም በተመረጡ ምሽቶች ሚኪስ ቬሪ ሜሪ ክሪስማስ ፓርቲ የሚባል ራሱን የቻለ ትኬት ያለው ዝግጅት አለው፣ ከኖቬምበር ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ትንሽ ቀናት እስኪቀሩ ድረስ። ፓርቲ ባለበት ቀን ተራ ትኬት የያዘ ሰው ማታ 12 ሰዓት ላይ (በፈረንጅ 6) እንዲወጣ ይደረጋል። ብዙ ሰው ይሄን ስለማይወድ በነዛ ቀናት ሌላ ፓርክ ይመርጣል፣ ስለዚህ ቀኑ ቀለል ይላል። የማታውን ርችት ካልፈለጋችሁት ለትንንሽ ልጆች የፓርቲ ቀን ጠዋት በጣም ጥሩ ነው፣ ለነገሩ የ4 ዓመት ልጅ እስከዛ ሰዓት ድረስ በእግሩ አይቆምም። ርችቱን ማየት ግድ ነው ካላችሁ ግን ፓርቲ የሌለበትን ቀን ምረጡ፣ ካሌንደሩ በዲዝኒ አፕ ላይ ይታያል።

ስለ እማማ ደግሞ። አንድ ቀን ኤፕኮት ውሰዷቸው፣ በገና ሰሞን ምሽት ላይ ካንድልላይት ፕሮሰሽናል የሚባል ዝግጅት አለ፣ ትልቅ መዘምራን ከኦርኬስትራ ጋር ሆኖ የጌታችንን የልደት ታሪክ አንድ ታዋቂ ሰው ከመጽሐፍ ቅዱስ እያነበበ ይዘመራል። በመግቢያ ትኬቱ ውስጥ ነው፣ ተጨማሪ አይከፈልም፣ ግን ቀደም ብሎ መሰለፍ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛውን ባይከታተሉት እንኳን ምን እየተነበበ እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አኒማል ኪንግደም ደግሞ ኪሊማንጃሮ ሳፋሪ አለ፣ ክፍት መኪና ላይ ተቀምጠው ቀጭኔ ዝሆን አንበሳ እያዩ ነው የሚዞሩት፣ ለእግራቸው እረፍት ነው ለልጆቹም ደስታ። ቀኑን ሙሉ ግን አብረዋችሁ አይዙሩ፣ እነዚህ ፓርኮች እጅግ ያስኬዳሉ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ውሃ ሳይቀምሱ ፀሐይ ላይ ነው የሚውሉት። ጠዋት እናንተ ከልጆቹ ጋር ገብታችሁ እሳቸው ቤት አርፈው፣ ከሰዓት ልጆቹ ለእንቅልፍ ሲመለሱ አብረው በልተው፣ ማታ ሁላችሁም አንድ ላይ ብትወጡ ለሁሉም ይመቻል። ዊልቸርም መግቢያው ላይ ይከራያል፣ አያስፈልገኝም ቢሉም ተከራዩላቸው።

ምግቡ እንደፈራሽው አይደለም። ዲዝኒ ከውጭ ምግብ ማስገባት ይፈቅዳል፣ የመስታወት ጠርሙስና አልኮል ብቻ እንዳይኖርበት፣ ማቀዝቀዣ ቦርሳውም ትልቅ እንዳይሆንና በረዶ ፈታ ተደርጎ እንዳይገባበት ነው። የጾም ፍርፍር በእቃ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፍራፍሬ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ ማለት ነው። ውሃ አትግዙ፣ ፈጣን ምግብ የሚሸጡት ቦታዎች ስትጠይቋቸው በብርጭቆ በነጻ ይሰጣሉ። ሜኑ ላይ የቅጠል ምልክት ያለበት ምግብ ስጋም ወተትም እንቁላልም የሌለበት ነው፣ ሁሉም ፓርክ ውስጥ አለ። ማደሪያውን ግን ኪሲሚ አካባቢ ኩሽና ያለው ቤት ብትከራዩ ለጾመኛ ቤተሰብ ከሆቴል ይሻላል፣ እንጀራውን ከሲልቨር ስፕሪንግ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሄዳችሁ ሽሮና ምስር እዛው መስራት ነው። የሚያመልጣችሁ ነገር ዲዝኒ ሆቴል ያደረ ሰው የሚያገኘው በየቀኑ ከሌላው 30 ደቂቃ ቀድሞ መግባትና የፓርኪንግ ነጻ መሆን ነው። ይሄን አመዛዝኑት፣ እኔ በናንተ ሁኔታ ኩሽናውን እመርጣለሁ።

ለመንገዱ አውሮፕላን ውድ ከሆነባችሁ ከሎርተን ቨርጂኒያ የሚነሳው የአምትራክ አውቶ ትሬይን አለ፣ መኪናችሁን ጭኖ እናንተንም አሳፍሮ ማታውን ሲጓዝ አድሮ ጠዋት ሳንፎርድ ፍሎሪዳ ያደርሳችኋል፣ ከኦርላንዶ ቅርብ ነው። በአይ 95 አውራ ጎዳና ከነዳችሁ ሳታርፉ 13 ሰዓት ገደማ ነው፣ ከ4 ዓመት ልጅና ከእማማ ጋር ሆኖ ግን አንድ ምሽት መሃል ላይ ማደር ግድ ይላል። ጋቢም ያዙ እንጂ ፍሎሪዳ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፣ በዲሴምበር ቀኑ 22 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ማታ ወደ 10 የሚወርድበት ጊዜ አለ።

ሳምንቱን መቀየር ጭራሽ ካልተቻለ፣ እኔ ብሆን ኦርላንዶን ለሌላ ጊዜ አቆየውና በዛ ሳምንት ቅርብ እሄዳለሁ። ዊሊያምስበርግ ያለው ቡሽ ጋርደንስ ክሪስማስ ታውን ብሎ ፓርኩን በሙሉ በመብራት ያሸበርቀዋል፣ ከናንተ ሶስት ሰዓት ገደማ መንዳት ነው፣ ፔንሲልቬንያ ያለው ኸርሺፓርክ ደግሞ ከዛም ይቀርባል። አንድ ሌሊት አድራችሁ ትመለሳላችሁ፣ ወጪውም ከኦርላንዶው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለልጆቹም ዲዝኒ ቀረ አትበሏቸው፣ ቀኑ መቼ እንደሆነ ካሌንደር ላይ አክብባችሁ አሳዩአቸው፣ ቃል የተገባለት ልጅ ቀኑን ሲያየው ይታገሳል።

ጥያቄ፦ አትላንታ ነው ያለሁት። ሆቴሉን ስለከፈልኩ ዲሴምበር 27 መሄዴ አይቀርም፣ ቀይር አትበሉኝ። ልጄ 5 ዓመቱ ነው ቁመቱ 1 ሜትር ነው፣ ሮለር ኮስተር ይወዳል። ደግሞ ይሄ ሰልፉን ለማሳጠር የሚከፈልበት ላይትኒንግ ሌን የሚሉት ነገር ብሩ ያዋጣል?

መልስ፦ ወንድሜ እሺ፣ ቀይር አንልህም፣ ግን ከመሄድህ በፊት ልጁን ከነጫማው በትክክል ለካው፣ በሩ ላይ ያሉት ሰራተኞች በግማሽ ሴንቲሜትር አይደራደሩም፣ ደግሞም ለደህንነቱ ነው። 1 ሜትር ከሆነ ማጂክ ኪንግደም ያለው ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬይንና ሆሊውድ ስቱዲዮስ ያለው ስሊንኪ ዶግ ዳሽ 97 ሴንቲሜትር ስለሚጠይቁ ይገባል። ስፔስ ማውንቴን 112 ነው፣ ትሮን 122 ነው፣ እነሱ አይሆኑም፣ ይሄን ቤት እያላችሁ ንገረው እንጂ አንድ ሰዓት ተሰልፎ በሩ ላይ እንዳይመለስ፣ የልጅ ልብ በጣም ነው የሚሰበረው። አንተና ባለቤትህ ግን ራይደር ስዊች ጠይቁ፣ አንዳችሁ ስትጫወቱ ሌላው ልጁን ይዞ ይጠብቅና ከዛ ሙሉውን ሰልፍ ሳይደግም ይገባል፣ በነጻ ነው።

ላይትኒንግ ሌን በሌላ ጊዜ ቢሆን ተወው ልልህ እችል ነበር፣ በ27 ግን ለማጂክ ኪንግደምና ለሆሊውድ ስቱዲዮስ ቀን ግዛው፣ ለአኒማል ኪንግደምና ለኤፕኮት አያስፈልግህም። ዲዝኒ ሆቴል ከሆነ የያዝከው ሆቴሉ ከምትገባበት ቀን 7 ቀን በፊት ቡክ ማድረግ ይፈቀድልሃል፣ ውጪ ከሆነ ፓርኩ ከምትሄድበት ቀን 3 ቀን በፊት፣ በሁለቱም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ (በፈረንጅ 7) ነው የሚከፈተው እና ያን ጠዋት ስልክህን ይዘህ ተቀመጥ። በዛ ሳምንት ከምንም በላይ የሚሰራው ግን በጠዋት መነሳት ነው፣ በሩ ከመከፈቱ 45 ደቂቃ በፊት እዛ ድረስ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ዋና ዋናውን ጨርስና ሰዉ ሲሞላ ወጥተህ ልጁን አስተኛው፣ ማታ ትመለሳለህ። ስትሮለር ይዘህ ሂድ 5 ዓመቱ ነው አትበል፣ ዋገን ግን አያስገቡም። በየጠዋቱ ልጁን በለበሰው ልብስ ፎቶ አንሳው፣ ስልክ ቁጥርህንም ክንዱ ላይ ጻፍለት፣ በዛ ግፊያ መሃል እጅ ያመልጣል። ቢጠፋብህ የስም ካርድ ላደረገ ሰራተኛ ወዲያው ንገር። አዲስ ዓመትን እዛ የምትጠብቁ ከሆነ ደግሞ የማጂክ ኪንግደም የአዲስ ዓመት ርችት አብዛኛውን ጊዜ በዲሴምበር 30 ምሽትም ይተኮሳል፣ ከልጅ ጋር በ30 ማየቱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከሙኒክ ነው የምጽፈው። የኛን ገና ቤት ማክበር ስለምንፈልግ ከዛ በፊት ልጆቹን ፓሪስ ዲዝኒላንድ ልወስዳቸው አስቤያለሁ፣ ብርዱስ እንዴት ነው?

መልስ፦ እህቴ ጥሩ አስበሻል። የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች በጃንዋሪ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚከፈቱ ከዛ በኋላ እስከ ጃንዋሪ 6 ያሉት አንድ ሁለት ቀናት ሰዉ የሚቀንስባቸው የገናው ጌጥ ደግሞ ገና ያልወረደባቸው ናቸው፣ የባየርን (የሙኒክ ክፍለ ሀገር) እረፍትም ብዙ ዓመት እስከዛ ይዘልቃል፣ የዘንድሮውን ካሌንደር እይው። ብርዱ ከሙኒክ አይብስም ግን እርጥብ ነው፣ ከበረዶ ይልቅ ዝናብ ስለሆነ የሚመጣው ዣንጥላ ሳይሆን የዝናብ ጃኬትና ውሃ የማያስገባ ጫማ፣ ለትንንሾቹ ትርፍ ካልሲ በቦርሳ። የፓርኩ ዋና መንገድ ሜይን ስትሪት ግራና ቀኙን ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ስላለው ዝናቡ ሲበረታ በዛ ነው የሚኬደው። በአውሮፕላን ከሄዳችሁ ከሻርል ደጎል አየር ማረፊያ ማርን ላ ቫሌ ሼሲ ጣቢያ ድረስ ቴዤቬ የሚባለው ፈጣን ባቡር 10 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ጣቢያው ከፓርኩ በር አጠገብ ነው፣ ታክሲ አያስፈልግም። በጃንዋሪ 6 ከሰዓት ተነስታችሁ ከተመለሳችሁ ለገናው ሌሊት ቅዳሴ ላትደርሱ ስለምትችሉ አንድ ቀን ቀደም አድርጊውና በጃንዋሪ 5 ማታ ሙኒክ ግቡ።