እርሾው አደገ፣ ኢንዛይሙ ግን የለም

ጅማ ያለች ጠያቂያችን የፓፓያውን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም፣ የፓፔይንን ጂን፣ ፒቺያ በሚባለው እርሾ ውስጥ አስገብታለች። እርሾው ኢንዛይሙን እንዲሠራ ጂኑን የሚያስነሳው ሜታኖል ነው። «እርሾው ወተት እስኪመስል ያድጋል። ሜታኖል ጨምሬ ሦስት ቀን ብጠብቅም ኢንዛይም የለም። በ250 ሚሊ ፍላስክ 150 ሚሊ እያደረግኩ አፉን በፎይል እሸፍናለሁ» ትላለች።

እህቴ፣ ጂኑን ከመጠርጠርሽ በፊት ፍላስኩን እዪው። ፒቺያ ሜታኖል ሲበላ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ጅማ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ዝቅ ባለ አገር የተጻፈ መመሪያ እንዳለ ቢቀዳ እዚህ ላይሠራ ይችላል።

በፍላስኩ 25 ሚሊ ብቻ አድርጊ። ሼከሩ (ፍላስኩን የሚያናውጠው መሣሪያ) በደቂቃ 220 ዙር ሲዞር ፈሳሹ ግድግዳውን ይዞ መውጣት አለበት። 150 ሚሊ ሲሆን ግን መሃል ላይ ይዋልላል እንጂ አየር በደንብ አይገባውም። ፎይሉን ተይውና በተደራረበ ንጹሕ ሻሽ እሰሪው። እኔ በዚሁ ፎይል ሦስት ሳምንት አጥቻለሁ።

እርሾው መጀመሪያ ያደገበት ምግብ፣ ግሊሰሮልም፣ ጥቂት ከተረፈ ሜታኖሉ ጂኑን አያስነሳውም። ሴንትሪፉጅ አድርገሽ አሮጌውን ፈሳሽ ድፊ፣ ሴሎቹን ግሊሰሮል በሌለው አዲስ ምግብ በትኚ። ከዚያ በየ24 ሰዓቱ 125 ማይክሮሊትር ሜታኖል ስጪው፤ ግማሽ በመቶ መሆኑ ነው። ከበዛ እርሾውን ይመርዘዋል። አደራ፣ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ በእሳትም ቶሎ ይያያዛል፤ ከቡንሰኑ (ከጋዝ ማንደጃው) አርቂው። ሙቀቱንም ከ30 ወደ 25 ዲግሪ አውርጂው፤ ፕሮቲኑ ቀስ ብሎ ሲሠራ በደንብ ታጥፎ ትክክለኛ ቅርጹን ይይዛል።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ካጣሽ፣ ኢንዛይሙ ተሠርቶ ያልነቃ ሊሆን ይችላል። ፓፔይን ሲወለድ ፊቱ ላይ ከመቶ በላይ አሚኖ አሲድ ያለው መሸፈኛ አለው፤ እሱ ካልተቆረጠ አይሠራም። ፕሮቲኖችን በመጠን በሚለየው ጄል ላይ፣ ከ23 ኪሎዳልተን (ከነቃው ፓፔይን መጠን) ከፍ ብሎ ወፍራም መስመር ካየሽ፣ ያ ገና ያልተቆረጠው ሊሆን ይችላል። ከፈሳሹ ጥቂት ቀድተሽ ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) ወደ 4 አውርጂ፣ ሲስቴይን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ጨምሪና አሙቂው። ሲስቴይኑን አትዝለዪው፤ የፓፔይን መሥሪያ ቦታ በአየር ይበላሻል፣ እኛ ደግሞ አሁን አየር እያበዛንበት ነው። ከዚያ በዱቄት ወተት በተሠራ አጋር (እንደ ጄሊ በረጋ ሳህን) ላይ አንድ ጠብታ አኑሪ። ነጩ ዙሪያውን ጥርት ካለ ኢንዛይምሽ ሠርቷል።

የጄሉን ፎቶ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።